ርቀትዎን ይጠብቁ፦ የተከታታይ አነዳድ ስሌት ታሪክና የሊማሊሞ መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ተከዜ የሚወርድ ተጓዥ፣ ከፊቱ በሚሄድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ በቀለም የተጻፈ አንድ ምክር ማንበቡ አይቀርም። ምክሩ «ርቀትዎን ይጠብቁ» ይላል። በአንዳንዱ መኪና ላይ ጽሑፉ አዲስና ደማቅ ነው፤ በሌላው ላይ ደግሞ አቧራና ጭቃ ስለሚሸፍነው ፊደሎቹ የሚለዩት እጅግ ሲቀርቡ ብቻ ነው። በመሆኑም ምክሩን ለማንበብ አስቀድሞ ምክሩን መጣስ ግድ ይሆናል።

ባለ መኪናው ይህን ሲያስጽፍ ስለ ሒሳብ ያሰበ አይመስልም። ሆኖም በሁለቱ ቃላት ውስጥ የተሰወረው ጥያቄ፣ ይኸውም «ስንት ሜትር?» የሚለው፣ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውሮፓ ስመ ጥር የፊዚክስና የሒሳብ ሊቃውንት የደከሙበት ጥያቄ ነው። ከድካማቸው የተገኘው ትምህርት የተከታታይ አነዳድ ስሌት ይባላል። አንድ ነጂ ከፊቱ ያለውን ተሽከርካሪ እየተመለከተ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በቁጥር ለመግለጽ የሚሞክር ትምህርት ነው። ዛሬ መጋጠሚያና አደባባይ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚጠቀምባቸው ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በውስጣቸው ይህን ስሌት ይዘዋል። ስለዚህ ስሌቱ ከየት እንደ መጣ፣ በማን ላይ እንደ ተለካና እንደ ሊማሊሞ ባለ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ለሙያው ሰው ተራ የታሪክ ዕውቀት ብቻ አይደለም።

ከሲራራ እስከ ካሚዮን

ከደባርቅ ከተማ በስተሰሜን ደጋው በድንገት ይቋረጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከገደሉ ሥር የተዘረጋው የዛሪማ ቆላ ከእርስዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደጋውንና ቆላውን የሚያገናኘው ዳገት ከጥንት ጀምሮ የጎንደርና የምጽዋ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ሲሆን፣ በመጽሐፉም ላማልሞን ብሎ ጠርቶታል።

የሲራራ ነጋዴ በዚህ ዳገት ላይ በቅሎውንና አህያውን በአንድ መስመር አሰልፎ ነበር የሚያልፈው። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ ደርቦ ማለፍ የለም። ፊተኛው በቅሎ በአንድ ድንጋይ ላይ ጥቂት ካመነታ ሁለተኛው ይቆማል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ጭነት ጋር ይጋጫል፤ በሰልፉ ጫፍ ያለው ደግሞ ምክንያቱን ሳያውቅ ብዙ ጊዜ ተገትሮ ይቆያል። ሊቃውንቱ ኋላ በሒሳብ የደረሱበት ዋናው ነገር፣ ማለትም በፊት የተደረገ ትንሽ ማመንታት ወደ ኋላ ሲተላለፍ እየገነነ የሚሄድ መሆኑ፣ ለሲራራ መሪ እንግዳ አልነበረም።

ሞተር ወደዚህ ዳገት የመጣው በጦርነት ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው በካሚዮን የተጫነ የጣሊያን ፈጣን ጦር በሊማሊሞ በኩል አልመጣም፤ በሰቲት ቆላ ዞሮ ነበር የገባው። በገደሉ ላይ ለመኪና የሚሆን መንገድ በዚያን ጊዜ አልነበረምና። ወራሪው ኃይል በቀጣዮቹ ዓመታት ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ሲዘረጋ ገደሉን ፈልፍሎ፣ ኩርባ በኩርባ ላይ ደራርቦ፣ በድንጋይ ግንብ እየደገፈ አወጣው። በጦርነቱ መጨረሻ በዚሁ አፋፍ በወልከፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ወር ነፃ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ ኩርባው ቀረ።

የተረከቡትን መንገዶች የሚጠብቅና የሚያስፋፋ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ገንዘቡ ከፊሉ የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለመንገድ ሥራ ካበደረው 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተገኘ ነበር። የቴክኒክ ርዳታው ደግሞ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መጣ። ከባለሙያዎቹም ጋር የአሜሪካ የመንገድ ዕውቀት፣ መመሪያውና ቁጥሩ አብሮ ገባ። ይህ አጋጣሚ ለነገሩ ዋና ነው፤ በዚያው ዘመን በአሜሪካ የተሽከርካሪን ሰልፍ በሒሳብ የመመርመሩ ሥራ ሊጀመር ተቃርቦ ነበርና።

ሰልፍን በቁጥር

የመጀመሪያው እርምጃ ከዚያም ይቀድማል። ብሩስ ግሪንሺልድስ የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ በኦሃዮ መንገዶች ዳር ፊልም ማንሻ ተክለው ተሽከርካሪዎችን በተከታታይ ፎቶግራፍ ካነሡ በኋላ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ሕግ አቀረቡ። በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ያሉ ተሽከርካሪዎች ቁጥር፣ ይኸውም ጥግግቱ፣ በጨመረ መጠን ፍጥነታቸው በቀጥታ መስመር ይቀንሳል የሚል ነው። ሕጉ ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ሰልፉን እንደ ወራጅ ውኃ ከሩቅ የሚመለከት ስለሆነ ስለ ነጂው የሚናገረው የለም። ነጂው ለምን እንደሚዘገይ አይጠይቅም።

ጥያቄውን ወደ ነጂው ያዞሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኦስትሪያዊው አንድሬያስ ሮይሽል በ1950 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ፓይፕስ ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው የተከታታይ ተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ በእኩልታ ጻፉ። ፓይፕስ የተነሡት በካሊፎርኒያ ነጂዎች ከሚማሩት ተራ ምክር ነው። ምክሩ «በሰዓት በየ10 ማይሉ ፍጥነት የአንድ መኪና ቁመት ያህል ርቀት ይተዉ» የሚል ነበር። ፓይፕስ ይህን ወደ ሒሳብ ሲመልሱት፣ ተከታዩ የሚጠብቀው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል የሚያድግ ሆነ። በዚህ እኩልታ ውስጥ ያለው ነጂ ግን ፍጹም ሰው ነው። አይዘገይም፤ አይዘናጋም፤ ፍሬኑም ከፊቱ ካለው መኪና ፍሬን አያንስም።

ቀጭኑ ሽቦ

ነጂውን ወደ ሰውነት የመለሱት በዲትሮይት አጠገብ፣ በዋረን ከተማ ባለው የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ማዕከል የሠሩት ሊቃውንት ናቸው። የቡድኑ መሪ ሮበርት ሄርማን የፊዚክስ ሰው ነበሩ። በ1948 እ.ኤ.አ. ከራልፍ አልፈር ጋር ሆነው፣ ከፍጥረተ ዓለም ጅማሬ የቀረ ደካማ ጨረር በሕዋ ሁሉ ተሰራጭቶ እንደሚገኝ ተንብየው ነበር፤ ጨረሩም በ1965 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ወደ መኪና ሰልፍ ማዞሩ፣ ጉዳዩ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ያመለክታል።

ሄርማን ከሮበርት ቻንድለርና ከኤልዮት ሞንትሮል ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መሣሪያው ቀላል ነበር። የፊተኛውንና የኋለኛውን መኪና በአንድ ቀጭን ሽቦ አገናኙ። ሽቦው በኋለኛው መኪና ላይ ባለ መጠቅለያ ላይ እንደ ተወጠረ ይጠቀለላል፤ ይተረተራልም። ከመጠቅለያው መዞር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና የፍጥነታቸው ልዩነት በየቅጽበቱ ይመዘገባል። ስምንት ነጂዎች በመሞከሪያው መንገድ ላይ ፊተኛውን እንዲከተሉ ተደረገ።

ከመዝገቡ የወጣው ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ምላሽ ማለት የስሜት ስልነት በቀስቃሹ ሲባዛ ነው። ቀስቃሹ የሁለቱ መኪናዎች የፍጥነት ልዩነት ነው። ምላሹ ኋለኛው ነጂ ፍጥነቱን የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት መጠን ነው። የስሜት ስልነት ነጂው ለዚህ ልዩነት ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምላሹ ወዲያው የማይመጣ መሆኑ ነው። ዓይን ያያል፤ አእምሮ ይፈርዳል፤ እግር ወደ ፍሬን ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በስምንቱ ነጂዎች ላይ መዘግየቱ በአማካይ 1.5 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ከነጂ ነጂ ከ1.0 እስከ 2.2 ሰከንድ ይለያይ ነበር። የስሜት ስልነቱ አማካይ ደግሞ በሰከንድ 0.37 ገደማ ሆነ።

በዚያው ዘመን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ኮሜታኒና ሳሳኪ ተመሳሳይ ጥናት አካሂደዋል። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግሪካዊው ተወላጅ ዴኖስ ጋዚስ፣ ሄርማንና አውስትራሊያዊው ረንፍሪ ፖትስ የስሜት ስልነቱ ርቀቱ ሲጨምር የሚቀንስ መሆኑን በእኩልታው ውስጥ አስገቡ። የአንዱን ነጂ ሕግ ደምረው የሰልፉን ሕግ ሲያወጡም፣ ከኒው ዮርኩ የሊንከን ዋሻ ከተወሰደው ልኬት ጋር ተስማማ። ጋዚስ፣ ሄርማንና ሮዘሪ በ1961 እ.ኤ.አ. እኩልታውን ይበልጥ ሲያሰፉት፣ ግሪንሺልድስ ከ26 ዓመት በፊት በፎቶግራፍ ያገኙት ቀጥተኛ መስመር ከዚህ ሰፊ ሕግ ልጆች አንዱ ሆኖ ተገኘ። የውኃው ትምህርትና የነጂው ትምህርት በዚህ ታረቁ።

ሁሉም ልክ ሲሆን ሰልፉ ሲሳሳት

ከዚህ ሥራ ለመንገድ መሐንዲስ እጅግ የሚጠቅመው ስለ ሰልፍ መናወጥ የተገኘው ውጤት ነው። የስሜት ስልነቱን «ሰ»፣ የመዘግየቱን ጊዜ «ዘ» ብንል፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ብዜታቸው ነው። ብዜቱ ከ0.37 ካነሰ ተከታዩ ነጂ ለፊተኛው የፍጥነት ለውጥ ረጋ ብሎ ይመልሳል። ከ0.37 እስከ 1.57 ከሆነ እያፈጠነና እያዘገመ ጥቂት ይወዛወዝና ይረጋጋል። ከ1.57 ካለፈ ግን መወዛወዙ እየሰፋ ይሄዳል፤ መጨረሻውም ግጭት ነው።

ይህ ስለ ሁለት መኪና ነው። ስለ ረጅም ሰልፍ የሚሠራው ወሰን ከዚህ ጠበብ ያለ ሲሆን 0.5 ነው። ብዜቱ ከ0.5 ካነሰ በፊት የተነሣው ነውጥ ወደ ኋላ ሲተላለፍ ይከስማል፤ ከበለጠ ግን ከመኪና ወደ መኪና እየገነነ ይጓዛል። የዲትሮይቱን አማካይ ነጂዎች ብንወስድ 0.37 በ1.5 ሲባዛ 0.55 ይደርሳል፤ ከወሰኑ በጥቂቱ ያለፈ ነው። እያንዳንዱ ነጂ ከፊቱ ያለውን በደኅና ይከተላል፤ ሰልፉ በጠቅላላው ግን አይረጋም። ፊተኛው ፍሬኑን ነካ አድርጎ ሲለቅ አሥረኛው ፍሬኑን አጥብቆ ይረግጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቆማል። ጥፋተኛ ቢፈለግ አይገኝም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በኒው ዮርክ በሆላንድ ዋሻ የሠሩት ኤዲና ፉት፣ ደርቦ ማለፍ በማይቻልበት ዋሻ ውስጥ ነውጡ ወደ ኋላ ሲጓዝ ተመለከቱ። መድኃኒቱም ቀላል ሆኖ አገኙት። ተሽከርካሪዎቹን በቡድን በቡድን ከፍሎ ማስገባትና በቡድኖቹ መካከል ክፍተት መተው ነው። ነውጡ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ የሚተላለፍለት ያጣና ይሞታል፤ በሰዓት የሚያልፈው ተሽከርካሪም ከበፊቱ ይበልጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱጊያማና ባልደረቦቻቸው በጃፓን 22 መኪናዎችን በ230 ሜትር ክብ መንገድ ላይ አሰልፈው፣ ሁሉም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲነዱ አደረጉ። ዳገት የለ፣ ኩርባ የተለየ የለ፣ መሰናክል የለ፤ ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰልፉ ውስጥ መቆም ተፈጠረና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መጓዝ ጀመረ።

ከሽቦ ወደ ኮምፒዩተር

ከዚያ በኋላ የመጡት ስሌቶች ነጂውን ይበልጥ ሰው እያደረጉት ሄዱ። ማይክልስ በ1963 እ.ኤ.አ. ነጂ የፍጥነት ልዩነትን የሚያውቀው የፊተኛው መኪና ምስል በዓይኑ ውስጥ ሲተልቅና ሲያንስ መሆኑን አስረዱ፤ ለውጡ ከአንድ ደረጃ በታች ከሆነ ነጂው ምንም አይሰማውም። ጀርመናዊው ራይነር ቪደማን በ1974 እ.ኤ.አ. በካርልስሩኸ ይህን ሐሳብ አስፋፍተው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ቪሲም የተባለ ፕሮግራም የቆመበትን ሞዴል ሠሩ። ፒተር ጊፕስ በ1981 እ.ኤ.አ. ነጂው ፊተኛው በድንገት ቢቆም እንኳ መቆም የሚያስችለውን ፍጥነት ይመርጣል ከሚል ሐሳብ ተነሡ። ትራይበር፣ ሄነከና ሄልቢንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሞዴል ደግሞ በጥቂት ቁጥሮች ብዙ የሚገልጽ በመሆኑ በተመራማሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ሆኗል።

እነዚህ ሁሉ የሚለያዩ ቢሆንም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። እኩልታው ለማንም አገር ይሆናል፤ በእኩልታው ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ግን ከአንድ አገር መንገድ፣ መኪናና ነጂ የተለኩ ናቸው። ፕሮግራሙን የገዛ ሰው ቁጥሮቹን ተለክተው ያገኛቸዋል። ካልለወጣቸው በአዲስ አበባ አደባባይ ላይ የካርልስሩኸን ነጂ እየነዳ ነው።

ስሌቱ ሊማሊሞ ላይ

በስሌቱ ውስጥ ዋናው መነሻ ነጂው ደርቦ ማለፍ የማይችል መሆኑ ነው። በዚህ በኩል ሊማሊሞ ከኒው ዮርክ ዋሻ ይልቅ ለስሌቱ የተመቸ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ገደል፣ በፊት ደግሞ ኩርባ አለ። የቀረውን መነሻ ሁሉ ግን ዳገቱ ያፈርሰዋል።

መጀመሪያ ሽቅብ የሚወጣውን እንመልከት። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር በግፊት የማይሰጠው ሞተር በዚሁ መጠን፣ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ተሳቢ የጎተተ ካሚዮን በመጀመሪያ ማርሽ ሲያቃስት፣ ፊተኛው ቢፈጥንም ተከታዩ ሊመልስለት አይችልም። ነጂው ሰምቷል፤ አይቷል፤ ነዳጁንም ረግጧል፤ ሞተሩ ግን እምቢ ብሏል። የዲትሮይት እኩልታ ምላሹን የሚወስነው የነጂው ስሜት ነው ይላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚወስነው ማሽኑ ነው። በዚህ የተነሣ ሰልፉ የሚሰበሰበው ከሁሉ በሚዘገየው መኪና ኋላ ነው። ሽቅብ ሲቆምም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርዳል፤ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ከኋላው ተጠግቶ የቆመው ነው የሚገጨው። ከዚህ እንደሚታየው ርቀት የሚያስፈልገው ለሚሄድ ብቻ ሳይሆን ለቆመም ነው።

ቁልቁል የሚወርደው ከዚህ የከፋ ነው። ለአብነት ያህል ሁለት ተሽከርካሪዎች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 11.1 ሜትር እየተጓዙ፣ 8 በመቶ ያዘቀዘቀ ቁልቁለት ሲወርዱ እናስብ። ፊተኛው ቀላል መኪና ሆኖ የፍሬኑ ኃይል ከክብደቱ 0.35 እጅ ቢሆን፣ ቁልቁለቱ 0.08ቱን ስለሚወስድበት 0.27 ይቀርለታል፤ ፍሬን ከያዘበት እስከሚቆምበት 23 ሜትር ያህል ይሄዳል። ኋለኛው የጫነ ካሚዮን ሆኖ ፍሬኑ በረጅሙ ቁልቁለት በመጋሉ ኃይሉ ወደ 0.20 ወርዷል እንበል። ከዚህ ላይ 0.08 ሲነሣ 0.12 ይቀራል፤ የመቆሚያው ርቀትም 52 ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ የ1.5 ሰከንዱ መዘግየት 17 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ግጭት እንዳይደርስ ካሚዮኑ ከፊተኛው ወደ 46 ሜትር መራቅ ነበረበት።

ፓይፕስ የተነሡበት የካሊፎርኒያ ምክር ለዚሁ ፍጥነት የሚሰጠው የሁለት መኪና ተኩል ቁመት ነው፤ አንዱን መኪና አምስት ሜትር ብንል 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 33 ሜትር ሲሆን፣ ይህ በሜዳ ላይ የትምህርት ጉዳይ ነው፤ በሊማሊሞ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ በሁለቱም ላይ እኩል 0.08 የሚወስድ መሆኑንም ልብ ይሏል። ለቀላሉ መኪና ከፍሬኑ ኃይል ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ፍሬኑ ለጋለው ካሚዮን ግን አርባ በመቶ ነው። ቁልቁለት ደካማውን አብልጦ ይጎዳል።

በክረምት ደግሞ ጉም አለ። ማይክልስ እንዳሉት ነጂ የሚያውቀው የምስሉን መተለቅ ከሆነ፣ የስሜን ጉም አፋፉን ሲሸፍን ቀስቃሹ ራሱ ይጠፋል። የፊተኛው መኪና መብራት ብልጭ ሲል ቀድሞ ከሚፈለገው ርቀት ውስጥ ተገብቷል። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን በሚያወጣው መንገድ ላይ ደግሞ ፊተኛው ሁልጊዜ መኪና አይደለም። በገበያ ቀን ገብስ የጫነ አህያ፣ በቅሎ፣ የበግ መንጋና እግረኛ መንገዱን ይጋራሉ። የመንጋ «የፍጥነት ለውጥ» በየትኛውም እኩልታ አልገባም፤ ነጂው ግን በየዕለቱ ይከተለዋል።

አራተኛው የመሬት ዓይነት

በኢትዮጵያ የመንገድ ምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ አርአያ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። የአሜሪካ መመሪያ መሬትን በሦስት ይከፍላል፦ ሜዳ፣ ወጣ ገባና ተራራማ ብሎ። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የመንገድ ቅርጽ ንድፍ መመሪያ ግን በእነዚህ ላይ አራተኛ ጨመረ፤ ገደላማ የሚል። ይህን የጨመሩት ባለሙያዎች ሊማሊሞን፣ ጣርማ በርን፣ የዓባይን በረሃ የመሰሉ ቦታዎች በሦስቱ ውስጥ እንደማይገቡ ስላወቁ ነው። የውጭው መመሪያ አልተጣለም፤ ከመሬቱ ጋር እንዲስማማ ተደረገ እንጂ።

ለመሬቱ የተደረገው ለነጂው አልተደረገለትም። ያው መመሪያ ለመቆሚያ የእይታ ርቀት የሚወስደው የነጂ መዘግየት 2.5 ሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ ከአሜሪካው መመሪያ ጋር አንድ ነው። 2.5 ሰከንድ ጥንቃቄ ያለበት ቁጥር በመሆኑ ለንድፍ ላይከፋ ይችላል። ጥያቄው ቁጥሩ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚል አይደለም፤ የማን ነው የሚል ነው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ንጋት ላይ ዳባትን አልፎ ሊማሊሞ አፋፍ የሚደርስ የካሚዮን ነጂ፣ በዋረን መሞከሪያ መንገድ ላይ ቀን በቀን፣ ዕረፍት አግኝቶ፣ ሰው እየመዘገበው ከነዳው ነጂ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። የመኪናው ዕድሜ፣ የጭነቱ ክብደት፣ የፍሬኑ ጤንነት፣ የረዳቱ ድምፅ ሳይቀር በምላሹ ውስጥ ይገባል።

ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አለመሆኑን የስሌቱ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። ግሪንሺልድስ የፊልም ማንሻ፣ የዋረኖቹ ሊቃውንት ደግሞ የተጠቀለለ ሽቦና ስምንት ነጂዎች ብቻ ነበራቸው። ዛሬ በእያንዳንዱ ነጂ ኪስ ያለው ስልክ ቦታውንና ፍጥነቱን በየሰከንዱ መመዝገብ ይችላል። በዳገቱ ራስና ግርጌ የቆሙ ሁለት ተማሪዎች ሰዓትና መዝገብ ይዘው የየመኪናውን ዓይነትና የሚያልፍበትን ቅጽበት ቢጽፉ፣ በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ውስጥ በጭነት፣ በጉምና በገበያ ቀን የሚጠበቀው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። የሥራው ውጤት ደርቦ ማለፊያ የሚሆን ተጨማሪ መስመር የት ላይ እንደሚገባ፣ የጋለ ፍሬን ማብረጃ መቆሚያ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስፈልግ፣ በኩርባው መግቢያ የሚተከለው ምልክት ምን ፍጥነት እንደሚል ለመወሰን ያገለግላል። የሆላንድ ዋሻ መድኃኒትም ለሊማሊሞ ባዕድ አይደለም። ከባድ ተሽከርካሪዎችን በአፋፉ ላይ ጥቂት አቆይቶ በመካከላቸው ክፍተት እያበጁ በቡድን ማውረድ ከአንድ ሠራተኛና ከአንድ ባንዲራ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም።

ሄርማን በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። ሽቦውም ከጥቅም ውጭ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከዚያ ሥራ የቀረው ዋናው ትምህርት 0.37 ወይም 1.5 የሚሉት ቁጥሮች ሳይሆኑ፣ ነጂን ሳይለኩ ስለ ነጂ መናገር እንደማይገባ ነው። በሊማሊሞ የሚወርደው ካሚዮን ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ነጂው ርቀቱን እንዲጠብቅ ያዛል፤ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ግን አይነግረውም። ያን ቁጥር ለክቶ በመንገዱ ዳር መጻፍ የባለ መኪናው ሳይሆን የመሐንዲሱ ሥራ ነው።